ሃያ ዙር በመቁጠሪያ

ዓመቱን በትክክል አላስታውስም፤ ዝናቡ መንደራችንን ኡራንን የዘለለበት ጊዜ እንደነበር ብቻ አውቃለሁ። የጉድጓዱን ውሃ የሚስበው የናፍጣ ሞተር ሁለት ቀን ሙሉ አልነሳም አለኝ። ግመሎቹ በደረቁ ገንዳ ዙሪያ ተንበርክከው ይጠብቃሉ፤ ባለቤቶቻቸውም እኔን ያያሉ። እኔ ጥፋቱን ናፍጣው ላይ ጥዬ፣ ማጣሪያውን ስፈታና ስገጥም ጉልበቴ አለቀ።

ባለቤቴ ምሳ ይዛልኝ መጣችና የማስነሻውን ቁልፍ ስጠመዝዝ ቆማ አዳመጠች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ነገር እንዳንተ ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ እያለ ነው የሚዞረው። ድሮ እንዲህ አልነበረም» አለችኝ።

ሞተሩን የገጠመልኝ መካኒክ፣ ስታስነሳው በአስር ሰከንድ ሃያ ዙር ካልሞላ አይነሳም ብሎኝ ነበር፤ ድካሙ አስረስቶኝ ኖሮ አሁን ትዝ አለኝ። ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ጎማ፣ ፑሌጃው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ፤ ስንቆጥር እንዳይነሳብንም ናፍጣውን ዘጋሁ። እኔ ቁልፉንና የስልኬን ሰዓት ያዝኩ። እሷ የዚክር መቁጠሪያዋን አወጣችና ምልክቱ ብቅ ባለ ቁጥር አንድ ፍሬ ሳበች።

«አስራ አንድ» አለች።

ሞተሩን በባትሪ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ጉልበት አጥሮታል ማለት ነው። የባትሪውን ገመድ ፈትቼ ባየው ጫፉን ዝገት በልቶታል። በቢላ ፍቄ አጥብቄ አሰርኩት። ደግመን ስንቆጥር ሃያ ሁለት ሆነ። ናፍጣውን ከፈትኩ፤ ሞተሩ ተነሳ፣ ውሃውም መጣ።

ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የቀዘቀዘውን ምሳዬን በላሁ። ከዚያ ቀን ጭንቅ ያወጣችኝ ባለቤቴ ናት።