ዲቃላዋ አበባ

ቦሳ ኪቶ ሰፈር ባለው ግቢያችን የጠዋቱ ካፊያ ሲያባራ፣ ከተማው ሁሉ ገና ያልነቃ ይመስለኛል። ያን ሰዓት እወደዋለሁ። ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት አበቦቼ ዘንድ ቁጭ እላለሁ፤ እንቅልፍ ይሁን ሐሳብ የማላውቀው ነገር ይዞኝ ጭልጥ ይላል። ብዙ ቀን አርፍጄበታለሁ።

አበቦቹ ከአፈር ሥር ሽንኩርት የሚመስል ራስ አላቸው፤ ከእሱ አንድ ረጅም አገዳ ወጥቶ ጫፉ ላይ እንደ ጡሩምባ ይከፈታል። ቀዩን በቾ ቦሬ ሰፈር ካለ ችግኝ ሻጭ ገዛሁት። ነጩን እናቴ ከተወለደችበት ከሰቃ፣ ከቡና ጥላ ሥር ቆፍሬ አመጣሁት። አንድ ሰሞን ሁለቱ አብረው አበቡና ሐሳብ ገባኝ፤ በመካከላቸው ማንም ያላየው ቀለም ተኝቶ ቢሆንስ?

የነጩን የራሱን ዱቄት የያዙትን ክሮች አስቀድሜ ቆርጬ ጣልኩ። ከዚያ በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ከቀዩ ቢጫ ዱቄት ወስጄ የነጩን የሴቴ ጫፍ ቀባሁት። ንብ ሌላ ጣጣ እንዳታመጣብኝ በሻሽ ቅዳጅ ሸፈንኩት። እናቴ በረንዳ ላይ ሆና ስታየኝ ነበር።

«ማል ጎቴ? ምን አደረግሽው አበባውን?»

«አዳቀልኩት፣ እማ።»

ክው አለች። የያዘችውን ጆግ አስቀምጣ ወደ ቤት ገባች።

ከአፌ አምልጦኝ ነው። የግብርና መጽሐፉ ማዳቀል ይላል፤ እኔም ሌላ ቃል አላውቅለትም። ከዚያው ቃል ግን ዲቃላ ይወጣል፤ እሱ ደግሞ የእኔ ስም ነበር። አባቴ ለመንግሥት ሥራ ከደጋ መጥቶ፣ እናቴን ሳያገባ እኔን ወልዶ፣ ዝውውር ሲደርሰው ሄደ። ልጅ ሳለሁ ኳሴ አጥር የዘለለች ዕለት ጎረቤታችን ሴትዮ «ይቺ ዲቃላ!» ብለው ሰፈር እስኪሰማ ጮኹብኝ። እናቴ እጄን ይዛ ወደ ቤት አስገባችኝ። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ቤታችን ውስጥ ተነስቶ አያውቅም፤ እኔው በገዛ አፌ መልሼ አስገባሁት። በጣም አዘንኩ።

ፍሬው ደርቆ ሲሰነጠቅ ጥቁር፣ ስስ ዘር ወጣው፤ ግቢው ጥግ መደብ ሠርቼ ዘራሁት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእኔዎቹ ግን ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ሣር መስለው ቀሩ። እናቴ አጠገባቸው አትደርስም ነበር። ሌላውን ሁሉ ስታጠጣ እነሱን ትዘልላቸዋለች።

አንድ ቀን ግቢውን ሊያጭድ የመጣው ሰውዬ ማጭዱን ወደ መደቡ ሲያስጠጋ ከውስጥ ሆኜ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ።

«ተው! ወላሂ እንዳትነካው! እሱ ሣር አይደለም፣ የልጄ ነው!»

ወደ ውጭ አልወጣሁም። በሩ ጀርባ ቆሜ አዳመጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ስነሳ የመደቡ አፈር ርሶ አገኘዋለሁ፤ ካፊያ ባልጣለበት ቀን እንኳ።

በመጨረሻ አንዷ አበበች። ቀይም ነጭም አልነበረችም፤ የበሰለ ዘይቱን ሲከፈል ውስጡን ትመስል ነበር። እኔ ፊቷ ተቀምጬ ሕልም ውስጥ እንዳለሁ፣ እኚያው ጎረቤታችን፣ አሁን በምርኩዝ የሚሄዱት፣ እናቴን ሊጠይቁ ገቡ። አበባዋን ሲያዩ ቆም አሉ።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? የሰቃዋ ናት?»

እናቴ በረንዳው ላይ ነበረች። ወረደችና አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«ዲቃላ ናት» አለቻቸው፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች።

ሴትዮዋ ምርኩዛቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። መሬት መሬቱን አዩ።

«ማሻ አላህ» አሉ በመጨረሻ ቀስ ብለው። «ታምራለች።»

«ከመጀመሪያውም ታምር ነበር» አለች እናቴ፣ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ።