ቢጫዋ ምልክት በመጣች ቁጥር

ሰፈሩ «ባለ ሲዲው» ይለዋል። ሱቁ ከደረጃ ሥር ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል። ግድግዳው ከፕሪንተር፣ ከስካነርና ከኔትወርክ ካርድ ጋር በመጡ አሮጌ ሲዲዎች ተሞልቷል። ሰው ዕቃ ሲገዛ ሲዲውን ይጥላል፣ እሱ ይለቅማል። ያው ሰው ከዓመታት በኋላ ፕሪንተሩን ታቅፎ «ኮምፒውተሩ አላውቀውም አለኝ» እያለ ሲመጣ፣ ባለ ሲዲው ወንበር ላይ ወጥቶ አንዷን መዝዞ ይወርዳል።

ሲዲዋ ውስጥ ያለው ድራይቨር ምን እንደሆነ ለሚጠይቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነው። «ዕቃውና ኮምፒውተሩ ቋንቋቸው ለየቅል ነው፤ ይቺ ፕሮግራም አስተርጓሚያቸው ናት» ይላል፣ አበቃ። እውነቱን ለመናገር ሰውየው ጨዋታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ደንበኛ ስለ ሙቀቱ ሲያነሳበት «እህ» ይልና ኬብል መንቀል ይጀምራል።

ቤቱም ያው ነበር። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ስልክ የእሷ ሥራ ነው። አንዲት ልጃቸው ሌላ ከተማ ሄዳ መኖር ከጀመረች ወዲህ፣ እናትየው ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ሰዓት ሙሉ ታወራለች። እሱ የማይሰማ መስሎ ጆሮውን ይጥልና መጨረሻ ላይ «ሰላም በያት» ይላል። አባትነቱን ሁሉ በዚያች ቃል ሲወጣ ኖረ። ሚስቱ ስትሞት ታዲያ «ሰላም በያት» የሚላት ሰው አጣ። ለልጁ ሊደውል ስልኩን ያነሳል፤ ከ«ሃሎ» በኋላ የሚለው ነገር አይመጣለትም፤ መልሶ ያስቀምጠዋል። ቤቱ ጭር አለበት፣ ልጁም ናፈቀችው።

ከዚህ ጭንቅ ያወጣችው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ዕቃ ናት። ልጅቷ የምትሠራበት አሮጌ ኮምፒውተር ዋይፋይ ስላልነበረው፣ ዩኤስቢው ላይ የምትሰካ ትንሽ የዋይፋይ መቀበያ ላከላት። መቀበያዋ ከአሮጌው ድራይቨር ጋር እንጂ ከአዲሱ ጋር አትስማማም። ኮምፒውተሩ ግን በወር አንዴ ገደማ ራሱን ሲያድስ፣ ማንም ሳይጠይቀው አዲሱን ያስገባል። የመቀበያዋ ስም አጠገብ ቢጫ የማስጠንቀቂያ ምልክት ትመጣለች፤ ኔትወርኩም ድርግም ይላል። ያኔ ትደውላለች።

«አባዬ፣ ደሞ ሄደች!»

«ቢጫዋ ምልክት አለች?»

«አለች፣ ጉብ ብላለች።»

«በማውሱ ቀኝ ተጫኛት። አሮጌውን መልስ የሚለውን ፈልጊ።»

ልጅቷ ለእንዲህ ያለ ነገር እጇ አይፍታታም፤ ተጫኚ ያላትን ትጫናለች እንጂ ምን እንደተጫነች አታስታውስም። ኮምፒውተሩ እየተንቀራፈፈ አሮጌውን እስኪመልስ ድረስ ታዲያ ወሬዋ ይመጣል፤ አከራይዋ ውኃ እንደዘጋችባት፣ አዲሱ ጫማ ተረከዟን እንደላጣት። እሱም የሚሠራ ነገር ሲኖር አፉ ይፈታል። አንዳንዴ ይስቃል። ጎረቤቱ ያለችው የፎቶ ኮፒ ሠራተኛ ሳቁን ትሰማና «ጋሼ፣ ልጅዎ ደወለች መሰለኝ፣ ዛሬ ጥርስዎን አየነው!» ትለዋለች።

አሁን ወደ ጥፋቱ እንምጣ። ያንን ብልሽት ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ማስቆም ይቻል ነበር። «ድራይቨር በራስህ አትቀይር» የሚል አንድ ምርጫ አለ፣ እሱን መምረጥ ነው። ለደንበኛ ሁሉ ሳይጠየቅ ያደርገዋል። ለልጁ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ ተወው። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ፣ በየወሩ እየተበላሸባት፣ እሱ የወሩን መጨረሻ ይጠብቃል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ስልኩን ሱቁ ውስጥ ቻርጅ ላይ ትቶ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ የኔትወርክ ገመድ ሲዘረጋ አረፈደ። ሲመለስ አሥራ አንድ ያልተነሱ ጥሪዎችና አንድ መልእክት ጠበቁት። «አባዬ፣ የሥራ ፈተና ላይ ነበርኩ። መሃል ላይ ጠፋች። በስልክ ልግባ ብል በኮምፒውተር ብቻ ነው አሉኝ። ተወው፣ አለፈ።»

ያን ሥራ ስንት ጊዜ እንዳነሳችለት ያውቃል። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እሱ ደወለ። ሳይጠይቃትም ሳያጽናናትም አሮጌውን ድራይቨር አስመለሳት፤ ቀጥሎም ያቺን ምርጫ አስመረጣት።

«ይሄ ደሞ ምንድን ነው?» አለችው።

«ከእንግዲህ አይበላሽም።»

«እንዴ! ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አላደረግነውም?»

መዋሸት ይችል ነበር። «አዲስ የወጣ ነገር ነው» ቢላት ታምነዋለች።

«ድሮም ነበር» አላት። «እኔ ነኝ የተውኩት። ካልተበላሸ አትደውይማ።»



«ሥራዬን እኮ ነው ያሳጣኸኝ፣ አባዬ» አለችና ዘጋችው።

ወሩ አለቀ፣ ስልኩም አልጮኸም። ሌላው ወር ተጋመሰ። የፎቶ ኮፒዋ ልጅ መቀለዷን ተወች። ሰውየው የሠራውን ያውቃልና ማንንም አልወቀሰም፤ ብቻ ምሳውን እያስተረፈ፣ ስልኩን ከኪሱ እያወጣ ኔትወርክ መኖሩን እያየ ይመልሳል። ኔትወርክ ሞልቶ ተርፏል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ከውስጥ ዘጋ። ወረቀት አወጣና ስለ ልጁ የማያውቃቸውን ነገሮች ጻፈ። ብዙ ሆኑበት። አምስቱን አስቀርቶ ሌላውን ሰረዘ፣ ከዚያ ደወለ። ብዙ ጠርቶ ተነሳ።

«አባዬ? ምን ተበላሸ?»

«ምንም። ምንም አልተበላሸም።» ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «የመኝታ ቤትሽ መስኮት... ወዴት ነው የሚያየው?»

  የወረቀቱ ኮሽታ ሳይሰማት አልቀረም።

«እያነበብክ ነው እንዴ?»

«አዎ።»

«ስንት ቀረህ?»

ቁልቁል አየ። የመጨረሻው «ይቅር ትይኛለሽ?» የሚል ነበር።

«አራት» አላት።

«እሺ» አለችው፤ ወንበር ስትስብ ተሰማው። «በተራ በተራ ጠይቀኝ። መስኮቴ ወደ መንገዱ ነው።»