«እንትፍ በይባት»

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ብዙ ነገር አይቼ ረስቻለሁ። ይህን ግን በመሥሪያ ቤታችን ደጅ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ልቤ ያነሣዋል።

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተላላኪ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደሉን ከልጆቼ ጋር እያየሁ ነው የለቀምኩት። ሁሉም «እትዬ» ይለኛል፤ ወሬም እኔ ዘንድ ሳያድር አያልፍም።

ያን ጊዜ ሠናይት የምትባል ልጅ በባለሙያነት ተቀጥራ መጣች። ዲግሪ ያላት፣ አንገቷን ደፋ ያደረገች፣ ሰላምታ የማትነፍግ ልጅ ናት። ብዙም ሳትቆይ እናቷ ሸክላ ሠርታ ጅጋ ገበያ የምትሸጥ መሆኗ ታወቀ። ሸክላ ሠሪ በእኛ አገር ምን እንደሚባል የምታውቁት ነው። ቡዳ ናቸው፣ ዐይናቸው ሰው ይበላል ይባላል።

በፊቷ የተናገረ የለም። ግን ምሳ ሰዓት፣ ከየቤታችን ቋጥረን ያመጣነውን አንድ ላይ ስናቀርብ፣ እሷ ብቅ ስትል ሳህኑ ይከደናል። አንዷ «ጠግቤያለሁ» ትላለች፤ አንዱ ስልኩ ሳይጠራ «ሃሎ» እያለ ይወጣል።

እኔ አብሬያት እበላ ነበር። አንድ ቀን «እትዬ፣ አይፈሩኝም?» አለችኝ።

«ምኔን ትበይዋለሽ? አጥንት ብቻ ቀርቻለሁ» አልኳት። ሳቅን።

ከዚያ ከበላይ የአካቶ ሥልጠና ስጡ ተባለና አዳራሹ ተሰናዳ። ኃላፊያችን ራሳቸው ቆመው፣ ማንም ሰው በትውልዱ፣ በጾታው፣ በአካል ጉዳቱ፣ በወላጆቹ ሥራ አይገለልም ብለው አስተማሩ። ተጨበጨበ። ምሳው እዚያው ስለቀረበ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ከሠናይት ጋር በላ። ጸሐፊያችን ጥሩዓለም ፊት ለፊቷ ነበር የተቀመጠችው።

ከሰዓት በኋላ ሥልጠናው ሲቀጥል ጥሩዓለም ሆዷን ይዛ ከወንበሯ ወደቀች። «ጎኔን፣ ጎኔን» እያለች ማጓራት ጀመረች። ላቧ ይንቆረቆራል። የሰዉ ሁሉ ፊት ቀስ እያለ ሠናይት ወደተቀመጠችበት ዞረ። ያ አተያይ ነው ያስፈራኝ።

«መኪና አስነሡ፤ ሐኪም ቤት ትሂድ» አልኩ።

ባሏ ምናለ ከጎረቤት ሱቁ ተጠርቶ ደርሶ ነበር። በሩ ላይ ቆመና «የትም አትሄድም» አለ። «መርፌ ከነካት ትሞትብኛለች። መጀመሪያ የበላቻት ትልቀቃት።»

ቡዳ የበላው ሰው መርፌ ከተወጋ አያድርም ይባላል፤ የሚድነው የበላው ራሱ መጥቶ እንትፍ ሲልበት ነው። ከምናለ ኋላ ሁለት ወንድሞቹ ቆመዋል። ዱላቸው የዘወትር ዱላ ነው፤ አያያዛቸው ግን የዘወትር አልነበረም።

«ምናለ፣ ሚስትህ እኮ እየሞተች ነው» አልኩት።

«አርፈው ይቀመጡ፣ እትዬ። አብረዋት ሲበሉ የኖሩት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎም ቢሆኑ አይታመኑም።»

ኃላፊያችን ወደ ሠናይት ቀረብ አሉና ዝግ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ ለሰላሙ ስትይ እንትፍ በይባትና ይለፍ» አሏት።

«እንትፍ ካልኩ እኮ ነኝ ማለቴ ነው» አለች።

«ካላልሽስ?» አለ ምናለ።

የጥሩዓለም ከንፈር ጠቁሯል፤ ማጓራቷም ወደ ማቃሰት ወርዷል። ሠናይት ጥቂት አየቻትና ተነሣች። ሰዉ ልብሱን እየሰበሰበ መንገድ ለቀቀላት። ራስጌዋ ተንበርክካ ግንባሯን ያዘችና «እንትፍ፣ እንትፍ» አለችባት። ቀና ሳትል «አሁን ውሰዷት» አለች።

ፍኖተ ሰላም አደረስናት። ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ኖሯል። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ አትተርፍም ነበር» አለን። ቀደው አወጡላት፤ ዳነች።

እኔ ጅሏ ነገሩ በዚሁ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ጥሩዓለም ሥራ ስትመለስ «እንኳን እግዜር አተረፈሽ፤ ለካ ትርፍ አንጀት ነው» አልኳት።

«ሐኪሙማ የነካኝ እሷ ከለቀቀችኝ በኋላ ነው፣ እትዬ» አለችኝ። «ጨክና ብትቀር መርፌው ላይ አልቄ ነበር። ልቧ ደግ ነው፣ አይካድም።»

ከልቧ ነው የተናገረችው። ለሰውም ሁሉ እንዲሁ እያመሰገነቻት ታወራለች።

ከዚያ ወዲያ ሹክሹክታው ቀረ፤ በአደባባይ ሆነ። ልጅ ባተኮሰው፣ ሰው ባቃዠው ቁጥር ቤተ ዘመዱ ከመሥሪያ ቤቱ በር ይቆማል። «ትምጣና እንትፍ ትበልልን» ይላሉ። አንዱ በልመና፣ አንዱ በዱላ። አንድ ጠዋት የቤቷ በር ተሰብሮ አገኘችው። ዝውውር ጠየቀች፤ ኃላፊያችንም ሳይውሉ ሳያድሩ ፈቀዱላት።

በቅርቡ ደወልኩላት። «አዲሱ አገር እንዴት ነው?»

«ደግ ነው፣ እትዬ። እዚህ ማንም አያውቀኝም ነበር።» ቀጥላም «ዛሬ ግን አንዲት ሴት የታመመ ልጅ ታቅፋ ደጄ ቆማ ነበር» አለችኝ።

የሄደችበትን ቦታ እዚህ ያልጻፍኩት ለዚህ ነው። ጥሩዓለም በሕይወት ስላለች ደስ ይለኛል፤ ልጆቿን ሳይ እግዜርን አመሰግናለሁ። የሠናይት ቁጥር ስልኬ ላይ ሲመጣ ግን፣ አንሥቼ የራሷን ድምፅ እስክሰማ ድረስ ሌላ ሰው ክፉዋን ሊያረዳኝ የደወለ ይመስለኛል።