የተቆለፈው የስህተት መልእክት

ያን ጊዜ ሀዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለች አነስተኛ የሶፍትዌር ቢሮ እሠራ ነበር። ለከተማው የግል ክሊኒኮች የካርድ ክፍል ፕሮግራም እንሠራለን። ፕሮግራሙ ሲበላሽ የሆነውን ሁሉ መዝግቦ በኢሜይል ወደ እኛ ይልካል። ችግሩ፣ አንዳንዴ የታካሚው ስምና የምርመራ ውጤትም አብሮ ይመጣል፤ ኢሜይሉ ደግሞ መንገድ ላይ ለጠለፈው ሁሉ ገላጣ ነበር። የአንዲት ሴት የኤች አይ ቪ ውጤት እንዲያ ገላጣውን ሲመጣ አይቼ ደነገጥኩ። ስህተት የሚመዘግበው ሶፍትዌር አዲሱ እትም መልእክቱን በምስጢር ቆልፎ መላክ ይችል ስለነበር ወዲያው ቀየርኩት። ከዚያ ወዲህ መልእክቱ ከክሊኒኩ ተቆልፎ ይወጣል፣ እኛ ጋ ሲደርስ ይከፈታል።

ወቅቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ነበር። ኢንተርኔት ይጠፋል፣ ይመጣል። ኢሜይሉን የሚቆልፍ ሰው ይታሰራል የሚል ወሬ በየሻይ ቤቱ በሹክሹክታ ይወራል። እኔ ግን ወሬውን ከሥራዬ ጋር አላገናኘሁትም፤ እስከዚያ ረፋድ ድረስ።

ሁለት ሰዎች ገቡ። ከሁለቱ ጎልማሳው የደኅንነት መታወቂያውን ብልጭ አድርጎ መለሰው። ከነጋዴ ቤተሰብ የተወለዱት፣ ዘወትር እርጋታ የማይለያቸው የቢሮው ባለቤት ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ከክሊኒኮች ወደዚህ ቤት የተቆለፈ መልእክት ይመጣል። የቆለፈው ማነው?» አለ ጎልማሳው።

ባለቤቱ ወደ እኔ ላለማየት መሬት መሬቱን አዩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«ክፈቺው።»

ከፈትኩለት። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ረጅም ዝርዝር በጣቱ እየተከተለ ወረደና አንድ ቃል ላይ ቆመ።

«ኪል ይላል። መግደል አይደለም እንዴ? ማንን ነው?»

«ሰው አይደለም ጌታዬ። ፕሮግራሙ አልሠራም ሲል ኮምፒውተሩ በግድ ያቆመዋል። ማቆሙን ነው እንዲያ የሚለው።»

«ፋታልስ?»

«ከባድ ስህተት ማለት ነው።»

እውነቱን እየተናገርኩ ውሸታም መሰልኩ። ባልደረባው ስልኬን ከእጄ ወስዶ በሩ ላይ ቆሟል።

«ንጹሕ ከሆነ ለምን ይቆለፋል?»

«የታካሚ ስም ስላለበት ነው። የእህትዎ ውጤት ቢሆን፣ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ይፈልጋሉ?»

ያልኩትን የሰማሁት ካልኩት በኋላ ነው። ጎልማሳው «ስመለስ የተቆለፈ ነገር እንዳላገኝ» ብሎ ተነሣ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ጥለውልኝ ወጡ።

«ልጄ፣ ቁልፉን አንሺው» አሉኝ ባለቤቱ፤ ግንባራቸው በላብ ረጥቧል። «ሁላችንም ቤተሰብ አለን።»

«ቁልፉን ካነሣሁት የሰው ገመና አደባባይ ይወጣል። ይልቅ ጭራሽ አይላክ። እኔው እየዞርኩ ክሊኒኮቹ ውስጥ አነበዋለሁ።»

እንዲያው ሆነ። መላኩን አቆምኩና በባጃጅ ከክሊኒክ ክሊኒክ መዞር ጀመርኩ። ጎልማሳው ተመልሶ መጥቶ አየ፣ ምንም የሚላክ ነገር አጣ፣ ሄደ። ዳግመኛ አልመጣም። አዋጁ ሲነሣ ባለቤቱ ራሳቸው «መልሺው» አሉኝና መልእክቱን እንደገና ቆለፍኩት።

ፍርሃቱ ግን ከአዋጁ ጋር አልተነሣልኝም። ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ዝም ካለ «ወራጅ» ብዬ ከምሄድበት ሳልደርስ እወርድ ነበር፤ የቀረውን መንገድ በእግሬ ስሄድ ዞሬ ላለማየት እታገላለሁ፣ ግን እዞራለሁ።