በጃናሞራ የተፈተነው ትራንዚስተር

ሐሙስ፣ ጎንደር

ከልጄ ከሰላም ጋር ወደ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ከተማ የተነሣሁት ያበላሸሁትን ሥራ ለማስተካከል ነው። እዚያ ባለ ጤና ጣቢያ ሁለት የኦክስጅን ማሽኖች በአንድ የፀሐይ ባትሪ ይሠራሉ። ሁለተኛው ሲሰካ ባንዴ ብዙ ኃይል ይጎርስና የመጀመሪያውን ያጠፋዋል። ኃይሉን በትራንዚስተር፣ ማለት ኃይልን እንደ በር በሚከፍትና በሚዘጋ ትንሽ ዕቃ፣ ቀስ አድርጎ የሚያስገባ ቦርድ ሠርቼ ልኬ ነበር፤ ትራንዚስተሩ ተቃጠለ።

የተማርሁት በራሴ፣ ከኤሌክትሮኒክስ ጥገና ጠረጴዛዬ ነው። ትራንዚስተሩን የመረጥሁት በመግለጫ ወረቀቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ትልቅ የአምፔር ቁጥር አይቼ ነው። ሰላም ወደ ውስጥ ያለውን ግራፍ ብታሳየኝ «ሥዕል ለሕፃን ነው» ብዬ ደንበኛ ፊት ገሠጽኋት። ልጆቼን «ገጽ አትዝለሉ» እያልሁ ያሳደግሁ ሰው ገጽ ዘለልሁ።

ዓይኔን የገለጠችልኝ የጣቢያው ነርስ፣ ሲስተር አበባ ናት። በስልክ «አያ፣ ሲሠራ ቆይቶ እኮ አይደለም፤ ገና ስሰካው ነው የጨሰው» አለችኝ። ትራንዚስተር ወለል ብሎ ሲከፈት ብዙ ይሸከማል። እንደ ገርበብ ያለ በር ሆኖ ሳለ ግን ሙቀቱ ሁሉ እሱው ላይ ያርፋል። ያችን ቅጽበት ለምን ያህል ጊዜ እንደሚችላት የሚናገረው ግራፉ ነው። ለአዲሱ ቦርድ ሰላም የመረጠችው የቆየ ዓይነት፣ በአምፔር ያነሰ፣ በግራፉ ግን የሚበልጥ ነው።

«ምነው አባዬ፣ ሥዕል ማየት ጀመሩ እንዴ?» አለችኝ ስበይደው። የሚገባኝ ነው፤ መበየዴን ቀጠልሁ።

ደባርቅ

ሽሮ በልተን መኪና ቀየርን። ከዚህ ወዲያ መንገዱ ድንጋይና ጭጋግ ነው። ቦርዱን በጋቢ ጠቅልዬ ታቀፍሁት።

«አያ፣ እንቁላል ነው?» አለኝ ሾፌሩ።

«ከእንቁላል ይብሳል። አንዴ ሰብሬዋለሁ።»

ሳቀና ጉድጓዱን ሁሉ ቀስ እያለ አሳለፈልን። እግዜር ይስጠው።

ዓርብ፣ መካነ ብርሃን

አዲሱን ቦርድ ገጥመን፣ አስቀድመን ታማሚ በሌለበት ሁለተኛውን ማሽን አሥር ጊዜ እየነቀልን ሰካነው። ትራንዚስተሩ ለብ አለ እንጂ አልጋለም። ረፋዱ ላይ ትንፋሽ ያጠራት ሴት መጣች። በመጀመሪያው ማሽን የሚተነፍሱት አያ ደምሌ የሚባሉ ሳንባቸውን የሚያማቸው አዛውንት ናቸው፤ ያን ጊዜ ቦርዱ ሲቃጠል ማሽኑ የጠፋው በእሳቸው ላይ ነበር።

«ስትሰኩት ንገሩኝ፤ ትንፋሼን ልያዝ» አሉ፣ ቱቧቸውን ጨብጠው።

ሲስተር አበባ ሴትዮዋና ሁለተኛው ማሽን ወዳሉበት ቀጣይ ክፍል ገባች። እኔ ከአያ ደምሌ ማሽን ላይ ዓይኔን አልነቀልሁም። አዛውንቱ ጥቂት ቆዩና ተቆጡ።

«ምነው፣ አትሰኩትም? ሴትዮዋ እኮ ታፈነች!»

«ተሰክቷል አያ» አለች ሲስተር አበባ ከበሩ። «እሷም እየተነፈሰች ነው።»

ቅዳሜ፣ ጎንደር

ቤት ስንገባ ግራፉን ከጠረጴዛዬ በላይ ለጠፍሁት። ቁጥር አይዋሽም፤ ያልጠየቁትን ግን አይመልስም። ሲስተር አበባን ስላስተዋለችው፣ አያ ደምሌን ዳግመኛ ስላመኑኝ አመሰግናለሁ። ሰላምን የገሠጽኋት ሰው ፊት ነበር። ምስጋናዋም ሰው ፊት ይሁን ብዬ ይህን ጻፍሁ።