ዐሥራ አንድ እሑድ በአንድ ቁጥር ላይ

ባለፈው ሳምንት ከጦር ኃይሎች ወደ ኮልፌ 18 ማዞሪያ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ትንሽ መጽሐፍ ቅዱስ ከፍታ ታነብ ነበር። በገጾቹ መካከል የታጠፈ ሠንጠረዥ አለ። አንድ ምዕራፍ በጨረሰች ቁጥር በእርሳስ ምልክት ታደርግበታለች። መንገዱ ተዘግቶ ስለቆምን ምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

«በአንድ ዓመት ከዳር እስከ ዳር የምጨርስበት ነው አባባ» አለችኝ። «ለዛሬ አራት ምዕራፍ ይቀረኛል።»

«በርቺ» አልኳት። ሌላም የምነግራት ነገር ነበረኝ፤ ነገር ግን መውረጃዋ ደረሰና ወረደች። ልጅቷን ለመንቀፍ አይደለም። ብዙ ማንበብ መልካም ነው፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራ የበላሁት በማንበብና በመጻፍ ነው። ብቻ በወጣትነቴ፣ ከዚያ መንገድ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ቁጥር ላይ አንድ ክረምት ሊያልቅ ምንም ሳይቀረው የቆምንበት ጊዜ ነበር።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ክረምት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ኮልፌ ያኔ ከተማ አልነበረም። የገብስ ማሳ ነው፣ ባሕር ዛፍ ነው፣ እዚህም እዚያም የሣር ክዳን ጎጆ ነው። ጣሊያኖች ወደ ሆለታ የሚወስደውን መንገድ ያሠሩ ስለነበር ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የድንጋይ መፍለጫ መዶሻ ሲጮህ ይውላል። እኔም ጠጠር ከሚሸከሙት አንዱ ነበርኩ። ምሳችን በጨርቅ ቋጥረን የምንይዘው ቅቅል ድንች ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ ጨው ነስንሰን እንበላዋለን። የዚያ ድንች ጣዕም እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ። ርቦን ስለነበር ይሆናል።

እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስመን እንመለሳለን፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አራት ሰዎች እትዬ ዘነበች ቤት እንሰበሰባለን። እትዬ ዘነበች ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ነበሩ። ከጦርነቱ በፊት በአንድ የፈረንጅ ሚስዮን ቤት ወጥ ቤት ሆነው ሠርተዋል። ፈረንጆቹ ከአገር ሲወጡ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትተውላቸው ሄዱ። እሳቸው ግን ማንበብ አይችሉም። አንባቢ ሲፈልጉ፣ ቄስ ትምህርት ቤት የገባሁ ስለነበርኩ እኔን ያዙ። ሌሎቹ ሁለቱ፣ እንጨት ፈልጠው የሚሸጡት ጋሽ ቶላና ባሏ ማይጨው ዘምቶ ያልተመለሰላት፣ ጥጥ እየፈተለች የምትኖረው ብርቅነሽ ነበሩ።

የእትዬ ዘነበች ደንብ አጭር ነበር። አንድ ቁጥር ይነበባል። ሳምንቱን በዚያ ይኖሩበታል። በሚቀጥለው እሑድ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን አደረጋችሁበት?» ነው። «ምን ተረዳችሁ?» ብለው ጠይቀውን አያውቁም። ከአራታችን አንዱ እንኳ ካላደረገው ያው ቁጥር እንደገና ይነበባል፤ ወደ ፊት መሄድ የለም። የሚቀጥለውን አስቀድሞ ማየትም አይፈቀድም። ከሲጋራ ካርቶን የቆረጥኳት ቁራጭ ነበረችኝ፤ ከምናነበው መስመር በታች ያለውን በእሷ እሸፍናለሁ። ሦስቱም ስለማያነቡ ባይ የሚያውቅብኝ አልነበረም። ግን አላየሁም።

«ፈረንጆቹ ማታ ማታ ሲያነቡ ከጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር» አሉኝ አንድ ቀን። «ሰምቼ ሰምቼ ጆሮዬ ሞላ። እጄን ባየው ግን ባዶ ነው።»

በዚህ አካሄድ ከአንድ ምዕራፍ ግማሽ ያህሉን ለመዝለቅ ዓመት ሊሞላን ነበር። መሐላን ትታችሁ አዎናችሁ አዎን፣ አይደለማችሁም አይደለም ይሁን በሚለው ላይ ጋሽ ቶላ ሦስት ሳምንት አስቆሙን። እንጨት ሲሸጡ መማል ልማዳቸው ነው።

«ደረቅ ነው ወይ ይሉኛል፣ እርጥብ ነው እላለሁ፣ ጥለውኝ ይሄዳሉ» አሉ። «ዘነበች፣ ይሄ መጽሐፍ ነጋዴ የሚባል ሰው አያውቅም እንዴ?»

«ያውቃል» አሉ እትዬ ዘነበች። «አውቆ ነው የጻፈው።»

ሊበደር የመጣን አትመልሱ በሚለው ጊዜ ደግሞ ጋሽ ቶላ መጥረቢያቸውን አዋሱ። አልተመለሰም። ክረምቱን ሙሉ በሰው መጥረቢያ ሲፈልጡ ከረሙ።

ቀጥሎ ጠላትን ስለ መውደድ፣ ለሚያሳድዱንም ስለ መጸለይ ወደሚናገረው ደረስን።

«በጅምላ አይሆንም» አሉ እትዬ ዘነበች። «ጠላት ስም አለው። አፋችሁ ላይ የሚከብዳችሁን ስም ጥሩና መልካም ለምኑለት። ጮክ ብላችሁ፣ እርስ በርስ እንድንሰማማ።»

ሳንማከር ሁላችንም ያሰብነው አንድ ሰው ሆነ። በአካባቢው በነበረው የጣሊያን ጦር ሰፈር አስተርጓሚ የሆነ፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው የተማረ ያገር ልጅ ነው። የጋሽ ቶላን የእህት ልጅ አስገርፏል። ባልሽ ሸፍቷል ብሎ የብርቅነሽን ቤት ሁለት ጊዜ አስፈትሿል። ታላቅ ወንድሜን ታደሰን ደግሞ ከየካቲቱ እልቂት በኋላ በነበሩት ቀናት ወታደሮች ሲወስዱት በጣቱ ያመለከተው እሱ ነው ተባለ። እኔ አላየሁም፤ ያየ ጎረቤት ነው የነገረኝ። ታደሰ አልተመለሰም። ይህን ግን አውቃለሁ።

እትዬ ዘነበች በመጀመሪያው እሑድ ስሙን ጠርተው ለመኑለት። ብርቅነሽ በሦስተኛው። ጋሽ ቶላ በአምስተኛው፣ ያውም ላባቸው እየወረደ። እኔ አልቻልኩም።

«ምን አደረግህበት?»

«ምንም።»

«እሺ። እንደገና አንብበው።»

በየሳምንቱ ይኸው ነው። አልገፉኝም፣ አልመከሩኝም። ሦስቱ ግን በየሳምንቱ ስሙን ይጠሩ ነበር። ጋሽ ቶላ ብቻ አንዳንዴ «አንተ ልጅ፣ እዚችው ቁጥር ላይ ጢሜ ሊሸብት ነው» ይሉኛል። አንድ ቃል ብዋሽ ያልፉ ነበር። ነገር ግን የመሐላውን ቁጥር አልፈነው መጥተናል፤ ወደ ኋላ መመለስ አልፈለግኩም።

አንድ ነገር ማናችንም አላሰብነውም። ግድግዳው ጭራሮና ጭቃ ነው። በውጭ የሚያልፍ ሰው የሚሰማው አራት ሰዎች በር ዘግተው የአንድን ሰው ስም እየተቀባበሉ ሲጠሩ ነው። ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ራሱ ያሳስራል። የሰውን ስም በዝግ ቤት እየደጋገሙ መጥራት ደግሞ በእኛ አገር ሁለት ትርጉም ብቻ አለው። ወይ ሊያስደግሙበት ነው፣ ወይ ሊገድሉት ነው።

ነሐሴ ውስጥ ነው፤ ዐሥራ አንደኛው እሑድ። ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላቋረጠም። ገና መጽሐፉን መክፈቴ ነበር፣ በሩ ተገፋ። አስተርጓሚው ቆሟል፤ ካፖርቱ ውሃ ያንጠባጥባል። ከኋላው ሁለት ወታደሮች ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ተጠልለዋል።

«ግባ ልጄ፣ ዝናቡ እየመታህ ነው» አሉት እትዬ ዘነበች።

«ልጅሽ አይደለሁም» አለ እየገባ። «አንቺ ሴትዮ፣ በየሳምንቱ ስሜን የምትጠሪው ለምንድን ነው?»

«መልካም እየለመንኩልህ።»

ሳቀ። ወደ ጋሽ ቶላ ዞረ። «አንተስ?»

«እኔ ጤና ነው የለመንኩት ጌታዬ። ጮክ በሉ ተብለን ነው እንጂ በቀስታም እችል ነበር።»

«አንቺስ?»

«እንቅልፍ» አለች ብርቅነሽ።

«ምን አልሽ?»

«እንቅልፍ ነው የለመንኩልዎ። ባለቤትዎ ምንጭ ላይ ስንገናኝ፣ ቁጭ ብሎ ነው የሚያነጋው ብላ ነግራኛለች።»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። «አጥንታችሁታል» አለ። «ስትያዙ የምትሉትን ተማክራችሁ ጨርሳችኋል። ሦስታችሁም አንድ ቃል።» ወደ በሩ ዞሮ ወታደሮቹን ጠራ። አንደኛው ገመድ ይዞ ብቅ አለ። በዚያን ጊዜ እሑድ የታሰረ ሰው ሰኞ የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ፤ ለመሄድ የተዘጋጁ ይመስሉ ነበር። ያን ጊዜ ሰውየው እኔን አየኝ።

«አንተስ? አንተም ጤና ነው የለመንክልኝ?»

አዎን ብል አራተኛ ውሸታም እሆንበታለሁ፤ ሦስቱንም አላመነም። አይደለም ብል ደግሞ ጠላቱ መሆኔን በአፌ መመስከሬ ነው። ይህን ያሰብኩት አሁን ነው። ያን ጊዜ ምንም አላሰብኩም።

«አይደለም» አልኩ። «እኔ ምንም አልለመንኩልህም።»

ጋሽ ቶላ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ለምን?»

«የታደሰ ወንድም ነኝ።»

ስሙን አወቀው። ዓይኑ ላይ አየሁት። ጎረቤቴ የነገረኝን ያመንኩት በዚያች ቅጽበት ነው።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለ ዝግ ብሎ።

«አንባቢ ነኝ። አራታችንም ካላደረግነው ወደሚቀጥለው ቁጥር አናልፍም። እነሱ አድርገውታል። በእኔ ምክንያት እዚህ ከቆምን ዛሬ ዐሥራ አንደኛ እሑዳችን ነው።»

መጽሐፉን ከእጄ ወሰደ። ወደ ኋላ አንድ ቅጠል ገለጠ፤ ጠርዙ በአውራ ጣቴ እድፍ ጠቁሯል። ወደ ፊት ገለጠ፤ ንጹሕ ናቸው። እድፉ የሚያበቃበት ቦታ ላይ ቆመ። የዚያ ሰው ሥራ ቀኑን ሙሉ የፈሩ ሰዎችን ቃል መስማት ነው፤ የተጠናና ያልተጠና ነገር ከማንም በላይ ይለያል። ተማክረን ቢሆን እኔ እንደዚያ አልመልስም ነበር። ያንን ሲያሰላው ፊት ለፊቴ አየሁት።

ቀጥሎ ካርቶኗን አነሣት። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቀና ብሎ በተከፈተው በር ወደ ውጭ፣ ወደ ዝናቡ ተመለከተ። ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ካርቶኗን ወደ ቦታዋ፣ ከመስመሩ በታች፣ በጥንቃቄ መለሳት።

በዓይኔ ያየሁት ይህ ነው፤ እስከ ዛሬም ያስደንቀኛል። ያ ሁሉ ሰፈር የሚፈራው ሰው እኛን ፈርቶ ነበር የመጣው። አንዲት ወጥ ቤት፣ አንዲት ፈታይ፣ መጥረቢያ የሌለው እንጨት ፈላጭና አንድ ጠጠር ተሸካሚ ስሙን ስለጠራን ፈርቶ ነበር።

«ከእንግዲህ ጮክ አይበሉ እናቴ» አላቸው እትዬ ዘነበችን። «ግድግዳው ስስ ነው።»

ለወታደሮቹ «ኒየንቴ» አላቸው። መንገድ ሥራው ላይ የተማርኩት ቃል ነው፤ ምንም የለም ማለት ነው። ተከታትለው ሄዱ።

እትዬ ዘነበች ተቀመጡ። «አንብብ» አሉኝ።

«የትኛውን?»

«የቆምንበትን ነዋ።»

አነበብኩ። ጥያቄውን እንደ ወትሮው ከዳር ጀምረው ጠየቁ፤ ሦስቱ መለሱ፤ የእኔ ተራ ደረሰ። በሩ እንደተከፈተ ነበር። ከእኛ ቤትና ከጦር ሰፈሩ መካከል ያለው ወንዝ ሞልቶ ይጮሃል። ሰውየው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ባዶ ራሱን ዝናብ እየመታው ቁልቁለቱን ሲወርድ ጀርባው ይታየኛል። ስሙን ጠራሁ። ወንድሜ ከተወሰደ ጀምሮ በአፌ አልጠራሁትም ነበር።

«ወንዙ ሞልቷል» አልኩ። «በደህና ይሻገር።»

ያለኝ ይኸው ብቻ ነበር። ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከዚያ የበለጠ ግን አልነበረኝም። እትዬ ዘነበች ይበቃል አላሉም፣ አይበቃም አላሉም። «ቀጥል» ብቻ አሉኝ።

ካርቶኗን አነሣሁ። የሚቀጥለው ቁጥር ፀሐዩን ለክፉውም ለደጉም ስለሚያወጣ፣ ዝናቡንም ለጻድቁና ለኃጢአተኛው እኩል ስለሚያዘንብ አባት የሚናገር ነበር። ግማሹን አንብቤ ወደ በሩ ቀና አልኩ፤ ከዚያ ጨረስኩት። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ የጋሽ ቶላ ትከሻ ላይ ያርፋል፤ እሳቸው አልተንቀሳቀሱም። ብርቅነሽ አፏን በነጠላዋ ሸፍና በሩን ታያለች። ውጭ ያ ዝናብ ይወርዳል፤ በገብሱ ላይ፣ በጦር ሰፈሩ ቆርቆሮ ላይ፣ በእሱም ራስ ላይ።

«እሱም እኮ አንብቦታል» አሉ ጋሽ ቶላ በመጨረሻ። «ከእኛ ቀድሞ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፋለሁ። ሰውየው ሥራውን አልተወም። በዚያው ዓመት ከአካባቢያችን ሁለት ሰዎች ተወስደዋል፤ የእሱ እጅ ይኑርበት አይኑርበት ላረጋግጥ አልቻልኩም። የእኛን በር ግን ዳግመኛ ማንም አልገፋውም፤ ነጻነት እስኪመጣ ድረስ በቀስታ እያነበብን ዘለቅን። ጣሊያን ሲወጣ ቤቱ ባዶ ሆኖ ተገኘ። አንዳንዱ አስመራ ገባ አለ፣ አንዳንዱ መንገድ ላይ ተገደለ አለ። ጋዜጠኛ ከሆንኩ በኋላ ሁለቱንም ተከታትያለሁ፤ ማስረጃ አላገኘሁም። የወንድሜንም መቃብር አላገኘሁም።

እነዚህ ሁሉ ዓመታት በደሉን አላለዘቡትም። ወንድሜን በተመለከተ ያ ሰው ዛሬም በደለኛ ነው፤ ብጠየቅ የማውቀውን ሁሉ እመሰክርበታለሁ። ለእሱ መለመኔ ከማውቀው ውስጥ አንዲት ነገር አላስቀየረኝም። ሁለቱ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ እንዴት ሳይጣሉ እንደሚኖሩ ማስረዳት አልችልም። እንደሚኖሩ ግን አውቃለሁ፤ በእኔ ውስጥ ከስልሳ ዓመት በላይ ኖረዋል።

ወጣት ዘጋቢዎች የሰው ስም የሌለበት ዜና ሲያመጡልኝ ሁልጊዜ እመልሰው ነበር፤ ስም የሌለው ነገር ወሬ እንጂ ዜና አይደለም እላቸው ነበር። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የአስተርጓሚውን ስም ፈልጎ ያጣ አንባቢ ቢኖር ትክክል ነው፤ የለም። ረስቼው አይደለም። ዛሬ ጠዋትም ጠርቼዋለሁ፣ በቀስታ።