የረጠበው ጨው

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሳልናዘዘው ቆርቤበታለሁ። አንባቢዬ፣ ለእርስዎ ልንገርዎት፤ ለእሳቸው የምነግርበት ድፍረት እስኪመጣልኝ።

እኔ ከመንዝ ሞላሌ፣ ወይንሸት ከራቤል ሄደን ዩኒቨርሲቲ የተገናኘን ነን። ሥራችን ሊቲየም የተባለው የባትሪ ማዕድን በደረቅ ጨው ውስጥ እንዲያልፍ ማድረግ ነበር፤ ፈሳሽ የሌለው፣ እሳት የማያስነሣ ባትሪ እንዲሠራበት። ጨው ላይ ጥቂት ማግኒዥየም ሲጨመር በውስጡ ክፍት ቦታ ይፈጠራል፤ ሊቲየሙ በዚያ ይሾልካል። አንድ የክረምት ጠዋት የእኔ ጨው ሁሉንም ያስደነቀ ውጤት ሰጠ። ተጨበጨበልኝ። ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ሆኜ ጨዉን አድርቄ ስለካው ግን ውጤቱ ወደቀ። ጠዋት ኤሌክትሪኩን ያሳለፈው ሊቲየሙ ሳይሆን እርጥበቱ ኖሯል። ጨው በጭጋግ እንደሚያልበው ለመንዝ ልጅ ይነገረዋል? አወቅሁ። እያወቅሁ ሁለተኛውን ልኬት ደበቅሁት። እኔ ነኝ የደበቅሁት፤ ማንም አላስገደደኝም።

የወይንሸት ጥናት የተመሠረተው በእኔ ውጤት ላይ ነበር። ጠንቃቃ ስለሆነች ጨዉን አጥብቃ ታደርቃለች፤ ስለዚህ ውጤቱ አይመጣላትም። ምን የተለየ ነገር እንዳደረግሁ ስትጠይቀኝ፣ «አይዞሽ፣ ድገሚው፤ ይመጣልሻል» አልኳት። እንዴት አፌ አልተሳሰረም? አምናኝ ደገመችው፤ ደጋገመችው። ጓደኞቻችን እጇ ጨው አይወድም እያሉ ሳቁባት፤ መምህራችንም ተስፋ ቆረጡባት። በመጨረሻ ትምህርቷን ጥላ ራቤል ገባች። እኔ በዚያው ውጤት ተመረቅሁ፤ ዛሬም ሰዉ መምህር ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ እሑድ አርባ ቀኑ ነው። ክርስትና አባት እንድሆነው ለመነችኝ። ስንት ዘመድ እያላት ለምን እኔን እንደመረጠች ጠየቅኋት።

«ያኔ ሁሉም ሲስቅብኝ አንተ ብቻ አልሳቅህም» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ አልሳቅሁም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እያወቅሁ በምን አንጀቴ እስቃለሁ? ግን እሺ አልኳት። ይህንንም አደረግሁ።

ከእሑድ በፊት ብነግራት ልጁን አትሰጠኝም። ከእሑድ በኋላ ከሆነ ዝምድናዋንም ሰርቄያት ነው። እሑድ ብቀርስ? በደስታዋ ቀን ሌላ ውርደት ልጨምርላት ነው? ስልኩን አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። ፈሪ ነኝ።

እርስዎን ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅርታው የወይንሸት ነው፤ እሷ ደግሞ የበደላት ሰው መኖሩን እንኳ አታውቅም። ጥፋቱን የራሷ አድርጋ፣ እሑድ ልጇን ልታሳቅፈኝ ነው።